ያልተመረመሩ የመደፈር ማስረጃ ኪቶች በአሜሪካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ከተሞች የፖሊስ መጋዘኖች ውስጥ ለዓመታት ሳይመረመሩ ስለቆዩት የመደፈር ማስረጃ ኪቶች የሰማ ሰው ብዙ ይጠይቃል። ተመላልሰው የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበን መልስ ሰጥተናል። ጥቃት የደረሰበት ሰው ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ሕጉም ሆነ ኪቱ ለሁለቱም አንድ ነው። ከታች ብዙውን ጊዜ በሴት አንቀጽ የጻፍነው ከተከማቹት ኪቶች አብዛኞቹ የሴቶች ስለሆኑ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኪት የሚባለው ምንድን ነው? ውስጡስ ምን አለ?

አንድ የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት። ስትከፈት ስም የተጻፈባቸው ፖስታዎች፣ ጫፋቸው ጥጥ የሆነ ቀጫጭን ዘንጎች፣ የመስታወት ስላይዶች፣ ማበጠሪያ፣ የወረቀት ከረጢቶች፣ ቅጾችና ማሸጊያ ቴፕ ይገኙባታል።

ምርመራው ሲጀመር ተመርማሪዋ ወለሉ ላይ በተዘረጋ ትልቅ ወረቀት ላይ ቆማ ልብሷን ታወልቃለች። የረገፈ ፀጉር ወይም ክር ካለ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱም ታጥፎ ይታሸጋል። ከዚያ ነርሷ እንደ ጥቃቱ ሁኔታ ከአፍ፣ ከአንገት፣ ከጥፍር ሥር፣ ከጭን፣ ከብልት ናሙና ትወስዳለች። እያንዳንዱ ዘንግ ደርቆ ለየብቻው ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደወሰደው ይጻፋል። ቁስልና ብልዝ ፎቶ ይነሳል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ተመርማሪዋ በየትኛውም ደረጃ ላይ «ይሄ ይቅርብኝ» ማለት ትችላለች።

ይህን ዘርዘር አድርገን የጻፍነው ሆን ብለን ነው። ሳይመረመር የቀረ ኪት ሲባል መደርደሪያ ላይ ያለ ካርቶን ብቻ የሚታየው ሰው አለ። እያንዳንዷ ሳጥን ግን አንዲት ሴት ጥቃቱ በደረሰባት ዕለት ወይም በማግስቱ፣ ገላዋን ሳትታጠብ መጥታ፣ ሰውነቷን ለሰዓታት ለምርመራ የሰጠችባት ናት። ያን ሁሉ የቻለችው ማስረጃው ይታያል ብላ ነው።

ኪቱን ያሰበችው በ1970ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ለጥቃት ሰለባዎች ትሠራ የነበረች ማርቲ ጎዳርድ ነች። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሎች ማስረጃ የሚሰበስቡበት ወጥ አሠራር ስላልነበራቸው ናሙናው ይጠፋል፣ ይደባለቃል፣ ፍርድ ቤት ሲደርስም ዋጋ ያጣል። በ1978 በቺካጎ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ሲውል ግን ሳጥኑ የተጠራው አብሯት በሠራው የፖሊስ ሳጅን በሉዊስ ቪቱሎ ስም ነበር። የእሷ ድርሻ በሰፊው የታወቀው በ2015 ከሞተች በኋላ ነው።

«ውዝፍ» ሲባል በትክክል የቱ ነው?

ሁለት ዓይነት ውዝፍ አለ፤ መለየቱም ይጠቅማል። አንደኛው ላብራቶሪ ደርሶ ተራ የሚጠብቀው ነው። በፌዴራሉ መንግሥት የፍትሕ ምርምር ተቋም አቆጣጠር አንድ ናሙና ላብራቶሪ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ካልተጠናቀቀ ውዝፍ ይባላል። ሁለተኛው ከነጭራሹ ላብራቶሪ ያልተላከው ነው። ይሄኛው ከፖሊስ ማስረጃ ክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ በላብራቶሪው የተራ ዝርዝር ውስጥም አይቆጠርም።

ለመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ገንዘብና ባለሙያ መጨመር መፍትሔ ይሆነዋል። ሁለተኛው ግን አንድ መርማሪ ፖሊስ «ይሄ አይላክ» ብሎ በመወሰኑ፣ ወይም ማንም ምንም ባለመወሰኑ የመጣ ነው። አገሪቱን ያስደነገጠው ይኸኛው ነው።

ጠቅላላው ስንት ነው?

በ2015 ዩኤስኤ ቱዴይ የተባለው ጋዜጣ ከ1,000 በላይ የፖሊስ ተቋማትን መዝገብ ሰብስቦ ቢያንስ 70,000 ያልተመረመሩ ኪቶች አግኝቷል። በአገሪቱ ያሉት የፖሊስ ተቋማት ወደ 18,000 ስለሚጠጉ ይህ የእውነታው ከፊል ነው። ለረጅም ጊዜ ኪቶችን እንዲቆጥር የሚያስገድደው ሕግ ያልነበረው ግዛት ብዙ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

እንዴት ይህን ያህል ሊጠራቀም ቻለ?

ከታሪኩ እንጀምር። የኤፍቢአይ ብሔራዊ የዲኤንኤ መረጃ ቋት፣ ኮዲስ የሚባለው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ1998 ነው። ከዚያ በፊት ተጠርጣሪ ካልተያዘ ናሙናውን ከምን ጋር ማመሳከር እንደሚቻል ግልጽ አልነበረም። ስለዚህ ብዙ መርማሪዎች «ተጠርጣሪ ሲገኝ እንልካለን» ይሉ ነበር። ኮዲስ ከመጣ በኋላ ይህ ምክንያት ወደቀ፤ ልማዱ ግን ቀጠለ።

ቀጥሎ የሚነሳው አቅም ነው። ላብራቶሪዎች ተጨናንቀዋል፣ ግድያ ይቀድማል፣ በወሲብ ወንጀል ክፍል ያለው መርማሪ ጥቂት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን ብቻውን አያስረዳም።

የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ርብቃ ካምቤልና ባልደረቦቿ የዲትሮይትን ውዝፍ መንስኤ ሲያጠኑ የሰው ኃይልና የገንዘብ እጥረቱን አግኝተዋል። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ፖሊሶች በራሳቸው እጅ በመዝገቦቹ ላይ ያሰፈሩትን አገኙ፦ ሴቲቱ እየዋሸች ነው፣ ሴተኛ አዳሪ ናት፣ ታሪኳ አይያያዝም የሚል። ልጃገረዶች ሳይቀሩ ሌላ ጥፋታቸውን ለመሸፈን እንደፈጠሩት ተደርጎ ተጽፎባቸዋል። መዝገቡ እንዲህ ከተዘጋ በኋላ ኪቱን ላብራቶሪ የሚልክ አይኖርም።

የአእምሮ ጉዳት የማስታወስ ኃይልን ሊበታትን እንደሚችል ያልሠለጠነ መርማሪ ተጠቂዋ ቅደም ተከተሉን ስታዛባበት ውሸት ይመስለዋል። ሳታለቅስ ከተናገረች «አልተጎዳችም» ይላል። ጥርጣሬው ፊቱ ላይ ሲነበብ እሷ ስልክ ማንሳት ትተዋለች፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ላይ «ተባባሪ አይደለችም» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ እይታ የውዝፉ ዋና ምንጭ ይህ ነው፦ ሳይንሱ ምን እንደሚል ከመታየቱ በፊት ሴቲቱ አለመታመኗ። ዲትሮይት ላይ ከተጠቂዎቹ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች መሆናቸው ደግሞ ያለመታመኑ ዕጣ በማን ላይ እንደሚከብድ ያሳያል።

ዲትሮይት ላይ የሆነው ምንድን ነው?

የከተማው ፖሊስ የወንጀል ላብራቶሪ በጦር መሣሪያ ምርመራ ላይ በተገኙ ስህተቶች የተነሳ በ2008 ተዘጋ። በ2009 ዲትሮይት የምትገኝበት የዌይን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ባልደረባ የፖሊስን የማስረጃ መጋዘን ሲጎበኝ መደርደሪያ ሙሉ ሳጥን አየ፤ የመደፈር ኪቶች መሆናቸውንም ተረዳ። ተቆጥረው ከ11,000 በላይ ሆኑ። አንዳንዶቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የነበሩ ናቸው።

ዋና ዐቃቤ ሕጓ ኪም ወርዚ ጉዳዩን ለሕዝብ ይፋ አድርጋ ለዓመታት ገንዘብ ስትለምን ኖራለች። ከተማው የኪሳራ አፋፍ ላይ ነበር፤ በ2013 ኪሳራውን በይፋ አሳውቋል። ከመንግሥት ከተገኘው ሌላ ከግለሰቦችና ከድርጅቶች መዋጮ የሚሰበስብ ዘመቻ ተቋቋመ።

ውጤቱን በሦስት ቁጥር ማየት ይቻላል። ከተመረመሩት ውስጥ ከ2,600 በላይ የሚሆኑት ኮዲስ ውስጥ ካለ የዲኤንኤ መለያ ጋር ገጠሙ። ከ800 በላይ ተጠርጣሪዎች ከአንድ በላይ ጥቃት ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ፤ የአንዳንዶቹም ዱካ ወደ ሌሎች ግዛቶች መርቷል። የተፈረደባቸው ደግሞ ከ200 በላይ ናቸው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባለው ርቀት ላይ እንድትቆዩ እንፈልጋለን።

ርቀቱ ለምን ሰፋ? ዲኤንኤው ከገጠመ ሰውየው አይያዝም?

ወዲያው አይያዝም። ኮዲስ የሚናገረው በኪቱ ውስጥ የተገኘው ዲኤንኤ የእገሌ መሆኑን ነው። ፈቃድ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን አይናገርም። መርማሪው መዝገቡን ከማኅደር ማውጣት፣ ሴቲቱን ማግኘት፣ ምስክሮችን ማፈላለግ፣ ሰውየውን አግኝቶ ለማረጋገጫ አዲስ ናሙና መውሰድ አለበት። የ20 ዓመት መዝገብ ሲሆን ምስክር ይሞታል፣ አድራሻ ይቀየራል፣ የፖሊሱ ማስታወሻ ገጽ ይጎድለዋል።

ከተሞች የሚበላለጡት እዚህ ላይ ነው። ክሊቭላንድ የሚገኝበት ኩያሆጋ ካውንቲ በ2013 ልዩ ግብረ ኃይል አቋቋመ። ዐቃቤ ሕጎች፣ መርማሪዎችና የተጠቂዎች ደጋፊዎች ባንድነት መዝገብ በመዝገብ ሄዱበት። ወደ 5,000 ከሚጠጉት ኪቶች ተነስተው ከ700 በላይ ተከሳሾችን ክስ ላይ አድርሰዋል። ኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ከ2000 እስከ 2003 ድረስ 17,000 ያህል ኪት አስመርምራ፣ ከዚያ ወዲህ የሚገባውን ሁሉ ወዲያው መላክ ስትጀምር በመደፈር ጉዳዮች ላይ ተጠርጣሪ የሚያዝበት መጠን ከ40 በመቶ ወደ 70 በመቶ ከፍ ብሏል።

የኪት ምርመራ በጀት ይዞ ውጤቱን ተከታትሎ ለሚሠራ መርማሪ በጀት ያልያዘ ከተማ ውዝፉን ከፖሊስ መጋዘን ወደ መርማሪው ጠረጴዛ አዛወረው እንጂ አልጨረሰውም። በመግለጫዎች ላይ «ሁሉም ኪቶች ተመርምረዋል» ሲባል ስትሰሙ፣ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ከገጠሙት ስንቱን መዝገብ ከፈታችሁ?» ነው።

ጥቃት አድራሹ የሚታወቅ ሰው ከሆነ ኪቱን መመርመር ምን ይጠቅማል?

ይህን ክርክር ፖሊሶች ለዓመታት አቅርበዋል፦ «ማንነቱን ነግራናለች፤ እሱንም አግኝተናል፣ ግን በፈቃዷ ነው ይላል፤ ዲኤንኤው ምን ይጨምራል?»

የሚጨምረው በሌላ ሴት መዝገብ ላይ ነው። አንድ ሰው በስም የሚታወቅ ጥቃት አድራሽ የሆነው ለአንዲቱ ነው፤ በሌላ ሰፈር ለሌላዋ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሆኖ ሊሆን ይችላል። በክሊቭላንድ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ራሄል ላቭልና ባልደረቦቿ የግብረ ኃይሉን መዝገቦች ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ ነው። ተደጋጋሚ ደፋሪዎች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። የሚያውቋትንም የማያውቋትንም ያጠቃሉ፤ ከድርጊት ወደ ድርጊት ዘዴያቸውም ይለያያል። አንድ ዓይነት ዘዴ የሚጠቀም አንድ ሰው እየፈለገ የሚሄድ ፖሊስ እነዚህን ሁለት መዝገቦች በፍጹም አያገናኛቸውም። ኪቶቹ ጎን ለጎን ሲመረመሩ ግን ይገናኛሉ። የዲትሮይቱ ጥናትም በሚያውቁት ሰው የተጠቁና በማያውቁት የተጠቁ ሴቶች ኪቶች ኮዲስ ላይ የሚገጥሙበት መጠን ብዙ እንደማይራራቅ አሳይቷል።

«በፈቃዷ ነው» የሚል ሰው ላይ ሦስት የማይተዋወቁ ሴቶች ተመሳሳይ ክስ ይዘው ሲመጡ ዳኞች ፊት ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስለዚህ የኛ አቋም ግልጽ ነው፦ ተጠቂዋ እስከፈቀደች ድረስ ኪት እየተመረጠ ሳይሆን ሁሉም መመርመር አለበት። ሁሉም እንዲመረመር በሕግ በማስገደድ ኢሊኖይ በ2010 የመጀመሪያዋ ግዛት ሆናለች፤ ብዙዎችም ተከትለዋታል።

ከ20 ዓመት በኋላ ማስረጃው አይበላሽም?

በአግባቡ ደርቆ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ዲኤንኤ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጠላቱ እርጥበትና ሙቀት ነው። ናሙናው ደርቆ በወረቀት እንጂ በፕላስቲክ የማይታሸገውም ለዚህ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ዋናው ችግር ዘንጉ ላይ ያለው አብዛኛው ህዋስ የራሷ የተመርማሪዋ መሆኑ ነው። ለዚህ ብልሃት አለ። የወንድ ዘር ህዋስ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ባለሙያዋ መጀመሪያ የሌሎቹን ህዋሶች ብቻ የሚያፈርስ ኬሚካል ትጠቀማለች፤ ያን አጥባ ካስወገደች በኋላ የዘር ህዋሱን በሌላ ኬሚካል ትከፍተዋለች። ከዚያ ዲኤንኤው ይባዛና በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ይነበባል፤ ከ2017 ጀምሮ ኮዲስ የሚጠቀምባቸው መሠረታዊ ቦታዎች 20 ናቸው። የወንድ ዲኤንኤ እጅግ ትንሽ ሲሆን የዋይ ክሮሞሶምን ብቻ የሚያነብ ዘዴ አለ፤ በዚህ የተገኘ ውጤት ግን የአንድ አባት ዘር ወንዶችን ከወንድም ወንድም አይለይም።

ከጥቃቱ በፊት በነበሩት ቀናት ከባሏ ወይም ከጓደኛዋ ጋር ግንኙነት የነበራት ሴት የእሱም ናሙና ሊጠየቅ ይችላል። ይህ እሱን ለመጠርጠር ሳይሆን የእሱን ዲኤንኤ ከውጤቱ ለመለየት ነው።

የእኔ የራሴ ዲኤንኤ ቋት ውስጥ ይገባል?

የተጠቂ ዲኤንኤ በብሔራዊው ኮዲስ ውስጥ መግባቱ ክልክል ነው። ነገር ግን በአካባቢ ላብራቶሪዎች የራሳቸው ቋት ላይ ይህ ጥበቃ ክፍተት ነበረው። በ2022 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት ሴት ከዓመታት በፊት ለመደፈር ምርመራ በሰጠችው ዲኤንኤ አማካይነት በሌላ የንብረት ወንጀል መጠርጠሯን የከተማው ዐቃቤ ሕግ ይፋ አደረገ፤ ክሱም ተነሳ። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ የተጠቂዎችን ዲኤንኤ ለዚህ ዓይነት ፍለጋ መጠቀምን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ኪት የምትሰጥ ሴት ናሙናዋ በእሷው ላይ እንደማይዞር እርግጠኛ መሆን አለባት፤ አለበለዚያ ሆስፒታል የሚመጣ አይኖርም።

ወጪውስ? ማን ይከፍላል?

አንድ ኪት መመርመር በተለምዶ ከ1,000 እስከ 1,500 ዶላር ይገመታል። የፌዴራሉ ገንዘብ ሁለት ዋና በሮች አሉት። አንደኛው በ2004 የወጣው በደቢ ስሚዝ ስም የሚጠራው ሕግ ነው። ደቢ ስሚዝ በ1989 ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቃት ደርሶባት፣ አጥቂዋ ከዓመታት በኋላ በዲኤንኤ የታወቀ ሴት ናት፤ ሕጉ እንዲወጣም ራሷ ተሟግታለች። ሁለተኛው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ በ2015 የጀመረው፣ ሳኪ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ፕሮግራም ነው፤ ይህ ለምርመራው ብቻ ሳይሆን ለመርማሪዎችና ተጠቂዎችን ለማሳወቅም ገንዘብ ይሰጣል። በዚያው ዓመት የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ከባንኮች ቅጣት ባገኘው ገንዘብ ለሌሎች ግዛቶች ከተሞች ጭምር ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል።

ወጪውን እንደ ብክነት የሚያዩ አሉ። የኬዝ ዌስተርን አጥኚዎች የኩያሆጋን ሥራ በገንዘብ ሲያሰሉት፣ ሊፈጸሙ ይችሉ የነበሩ ጥቃቶችን በማስቀረቱ ማኅበረሰቡ ወደ 39 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ አትርፏል ብለው ገምተዋል። ለእኛ ሥራው ይህ ቁጥር ባይኖርም ግዴታ ነው፤ በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት ፊት ግን ይህን ይዞ መቅረብ ይጠቅማል።

ይርጋው (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካለፈስ?

እንደ ግዛቱ ይለያያል፤ ለመደፈር ወንጀል ይርጋ የሌላቸው ግዛቶች አሉ፣ ያላቸውም አሉ። ስም ባይታወቅም በዲኤንኤ መለያው ላይ ክስ መመሥረት ይቻላል። ይህን ሚልዋኪ ላይ ዐቃቤ ሕጎች በ1999 ጀምረውታል፤ ሰውየው ማንም ይሁን ማን ዲኤንኤው ተከሳሽ ስለሆነ የይርጋው ሰዓት ይቆማል። ቴክሳስ በ2019 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ናሙና ተሰብስቦ ሳይመረመር ከቆየ ይርጋው አይቆጠርም፤ ፖሊስ ቸል ያለበት ጊዜ ለወንጀለኛው ጥቅም እንዳይውል ነው። ይርጋው በእርግጥ ያለፈ ኪትም ቢሆን መመርመሩ ከንቱ አይደለም፤ ሰውየው በሌላ፣ ይርጋው ባላለፈ ወንጀል ላይ ሊገኝ ይችላል።

ከ15 ዓመት በኋላ ፖሊስ ሴቲቱ ቤት ሄዶ ምን ይላል?

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ ነው። ሴቲቱ አግብታ ሊሆን ይችላል፣ ባሏም ልጆቿም ምንም አያውቁ ይሆናል። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ በር አንኳኩቶ ጎረቤት እያየ «ስለ ጥንቱ ጉዳይሽ ነው» ቢል ያረጀውን ቁስል መልሶ ማቁሰል ነው። ጥሩ የሚሠሩት ዘንድ መርማሪው ከተጠቂዎች ደጋፊ ጋር፣ በተራ ልብስ ይሄዳል። ስልክ ላይ መልእክት ሲተው ጉዳዩን አይጠቅስም። ሲያገኛትም ለምን እንደመጣ ተናግሮ፣ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ ይጠይቃታል፤ ውሳኔዋን ለማሰብም ጊዜ ይሰጣታል። ሂውስተን 6,600 ያህል ኪት ስታስመረምር ሴቶቹ ራሳቸው ሲዘጋጁ የሚደውሉበት የስልክ መስመር ከፍታ ነበር።

ይቅርታ መጠየቅም አለበት። የዘገየው ፖሊስ ነው፤ እሷ በጊዜዋ መጥታለች።

ኪቴ የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለኝ?

በ2016 ኦባማ የፈረሙት የፌዴራል የተጠቂዎች መብት ሕግ ኪቱ ያለ ክፍያ እስከ ይርጋው ማብቂያ ወይም እስከ 20 ዓመት፣ ከሁለቱ ባጠረው ጊዜ፣ እንዲቀመጥ፣ ውጤቱ እንዲነገር፣ ከመወገዱ 60 ቀን በፊትም ለጠየቀች ተጠቂ በጽሑፍ እንዲገለጽላት ያዛል። ይህ በቀጥታ የሚመለከተው የፌዴራል ጉዳዮችን ነው፤ ብዙ ግዛቶች ግን ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

አይዳሆና ዋሽንግተን ግዛት ከቀደሙት ናቸው፤ ኪቱ ላይ ባለው ቁጥር ኢንተርኔት ገብቶ ሆስፒታል ነው፣ ፖሊስ ጋ ነው፣ ላብራቶሪ ደርሷል የሚለውን ማየት ይቻላል። ሚቺጋን በ2014 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ፖሊስ ኪቱን ከሆስፒታል በ14 ቀን እንዲረከብ፣ በሌላ 14 ቀን ላብራቶሪ እንዲያደርስ፣ ላብራቶሪውም በተቻለው በ90 ቀን እንዲጨርስ ቀን ቆርጣለች። ሆስፒታል የሰጠዎትን ወረቀትና ቁጥር አይጣሉ።

ፖሊስ ጋ ማመልከት ባልፈልግስ? የመኖሪያ ወረቀት ባይኖረኝስ? እንግሊዝኛ ባልችልስ?

አዋቂ ሰው ለፖሊስ ሳያመለክት ምርመራውን ማድረግና ኪቱን ማስቀመጥ ይችላል፤ ለምርመራውም አይከፍልም። በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተው የፌዴራል ሕግ ግዛቶችን በዚህ ያስገድዳል። ኪቱ ሳይመረመር የሚቆይበት ጊዜ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ እዚያው ይጠይቁ። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሆስፒታሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ነርሷ ስለ መኖሪያ ወረቀት የምትጠይቅበት ምክንያት የለም። ከፖሊስ ጋር ለተባበሩ የወንጀል ሰለባዎች ዩ ቪዛ የሚባል መንገድም አለ፤ በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ያማክሩ።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። ባልን፣ ዘመድን ወይም ልጅን አስተርጓሚ አያድርጉ። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሌላ ነገር ነው፦ አስተርጓሚው አበሻ ነው፣ ያውቀኝ ይሆናል፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንገናኛለን። ይህን ስጋት በግልጽ ይናገሩ፤ በሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ በስልክ እንዲቀርብልዎ፣ ስምዎም እንዳይጠራ መጠየቅ ይችላሉ።

አሁን ጥቃት ደርሶ ከሆነ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ከአደጋ የራቀ ቦታ መድረስ ነው። ከቻሉ ሳይታጠቡ፣ ጥርስ ሳይፋቁ፣ ልብስ ሳይቀይሩ ይሂዱ፤ ከቀየሩ የለበሱትን በወረቀት ከረጢት ይያዙ። ታጥበው ከሆነም ይሂዱ፤ ማስረጃ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ቦታ ማስረጃ የሚሰበሰበው እስከ 120 ሰዓት ነው፤ ግን በቶሎ መሄዱ ይሻላል። የሚጠጣ ነገር ውስጥ ተጨምሮብኛል ብለው ከጠረጠሩ የመጀመሪያው ሽንት አስፈላጊ ስለሆነ ከመጡ በኋላ ለነርሷ ይንገሩ፤ መቆየት ካልቻሉ በንጹሕ ዕቃ ይያዙት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ይሰጣል።

ሬይን በተባለው የጥቃት ሰለባዎችን የሚረዳ ድርጅት የሚተዳደረው ብሔራዊ የስልክ መስመር 800-656-4673 ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ሠልጥኖ ኪት የሚሰበስብ ሠራተኛ ያለበትን የቅርብ ሆስፒታልም ይነግርዎታል። የቆየ ጉዳይ ያለዎትና ኪትዎ ምን እንደደረሰ ለማወቅ የሚፈልጉም በዚሁ መስመር የአካባቢዎን የተጠቂዎች ድጋፍ ማዕከል ማግኘት ይችላሉ፤ ማዕከሉ ከእርስዎ ፈቃድ ሳይወጣ እርስዎን ወክሎ ፖሊስን ይጠይቅልዎታል።